ድንኳኑ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው

«ማን ነው? ንገረኝ እንጂ ወንድሜ፤ አትደብቀኝ» አሉ እትዬ ጠጄ፣ የመምህር ቀናው አንገት ላይ በሁለት ክንዳቸው ተጠምጥመው።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ ጠጄ።»

«አዎ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው። ማንም አልሞተም ይባላል፤ ቀጥሎ ትንሽ አሟት ነበር ይባላል። አቻምየለሽ ናት?»

«አቻምየለሽ ሥራዋ ላይ ናት። ጠዋት በታክሲ ቱሉ ዲምቱ ሄዳለች።»

«መንገድ ላይ ነዋ» አሉና አንገቱን ለቀው የራሳቸውን ጭንቅላት ያዙ።

ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ቆመዋል። አንዷ የንፍሮ ድስት በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋለች። ቀናው የሚስቱን በሕይወት መኖር በምን እንደሚያስረዳ ግራ ገብቶት ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ፣ ስልኩ በእጁ ላይ ጠራ። ራሷ አቻምየለሽ ነበረች።

«ሞትክ አሉኝ» አለችው።

«እኔ አይደለሁም።»

«ድምፅህን ስሰማ ጠርጥሬ ነበር። ማን ነው ታዲያ?»

«ማንም። ማታ አስረዳሻለሁ።»

«እሺ። ስትገባ ዳቦ ይዘህ ግባ» ብላ ዘጋችው።

«ማን ነበር?» አሉ እትዬ ጠጄ።

«አቻምየለሽ።»

እትዬ ጠጄ ወደ ሦስቱ ሴቶች ዞር ብለው ተያዩ። ከዚያ ትከሻውን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉና «አይዞህ፣ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ነገር ይሰማዋል» አሉት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አቃቂ በሰቃ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የእድሩ አረንጓዴ ድንኳን ቆሞ ከታየ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሠርግ ቢሆን ወር ሙሉ ሲወራ ይከርማል። ሳይወራ በአንድ ጀንበር የቆመ ድንኳን የለቅሶ ድንኳን ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። የዛሬውን ድንኳን ግን ያስተከለው መምህር ቀናው ነው። ያስተከለውም እንግሊዝኛ ሊያስተምርበት ነው።

ሰውየው ለየለት እንዳይባል ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ቀናው እንግሊዝኛ ሲያስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ጥግ ይዞ የሚሄድ፣ ሰላምታውን እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ገባበት። ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አገኘ። ፈረንጁ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ያስተምራል፣ ኳስ እየወረወረ ይጠይቃል፣ ልጆቹም እየተሻሙ ይመልሱለታል። የፈረንጁ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች አሥራ ስምንት ናቸው። የቀናው አሥራ ሁለተኛ «ሐ» ደግሞ ሥልሳ አንድ ነው። ይቺን ልዩነት ቀናው አይቷታል። አይቶ ግን ትንሽ ነገር ናት ብሎ አለፋት።

መጀመሪያ ኳስ ወረወረ። ኳሷ በተሰበረው መስኮት ወጣች፣ ክፍሉ በሙሉ ሊፈልጋት ወጣ፣ ክፍለ ጊዜውም በዚያው አለቀ። ቀጥሎ ዘፈን አመጣ። ዜማውን በአንድ ቀን ለቀሙት፤ ከግጥሙ የያዙት ግን «ቤቢ» የምትለዋን ብቻ ነው። ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር ብሎ ክርክር አስነሳ። ተከራከሩ፣ አንጀት በሚያርስ አማርኛ ተከራከሩ፣ ሁለት ሴት ልጆች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ወንበሮቹን እንደ ሚኒባስ አሰለፈና ረዳት ሆናችሁ በእንግሊዝኛ ጥሩ አላቸው። ዮሚፍ የሚባለው፣ ክፍሉን በሳቅ የሚያስተዳድረው ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ሳሪስ በእንግሊዝኛም ሳሪስ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል። በመጨረሻ የቲክቶክ ቪዲዮ በእንግሊዝኛ ሥሩ አላቸው። ሠሩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ጨፈሩና መጨረሻ ላይ «ታንክ ዩ» አሉ።

እነዚህን ልጆች ቀናው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይዟቸው የመጣ ነው። የማን እናት ቂሊንጦ ፋብሪካ እንደምትሠራ፣ የትኛው የሌሊት ፈረቃ አድሮ የሚመጣ አባቱን ከፍቶ አስገብቶ እንደሚመጣ ያውቃል። መልቀቂያ ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠርቶት ያለው ታዲያ እንዲህ ነበር፦

«ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሯ ረቡዕ አራት ሰዓት ይመጣሉ። ከዚህ በፊት ሁለቴ መጥተው ሁለቴም የጻፉት ‹ተማሪ አይናገርም› ብለው ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው ከሆነ እኔ ልከላከልልህ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ‹ሐ› ለሌላ መምህር ይሰጣል፤ አንተ ቤተ መጻሕፍት ትገባለህ።»

እዚያ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግባት ማለት ቁልፍ ይዞ በር ላይ መቀመጥ ነው። ከቀናው በፊት የገባው መምህር የወጣው በጡረታ ነው። ቀናው ግን ቁልፉን አይደለም የፈራው። አራት ዓመት ያረሱበትን በሬ ለመውቂያው ቀን ለጎረቤት እንደ መስጠት ሆነበት። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። በአራተኛው ቀን ሆቴሉ መጣለት።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትልቅ ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳኑ ሆቴል ይሆናል። ግማሹ ተማሪ እንግዳ፣ ግማሹ አስተናጋጅ፣ አንዱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዷ በር ላይ ተቀባይ። ሕጉ አንድ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ተማሪ አራቱን የክፍል ግድግዳ ሲያይ ምላሱ ይታሰራል፤ ቦታው ሲቀየር ይፈታ ይሆናል ብሎ አሰበ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተሰባበረ ዴስክ እስከ ኮርኒሱ ስለተከመረበት፣ ርእሰ መምህሩ «ከግቢው ውጪ ከሆነ እኔ አላየሁም» አለውና ነገሩ ወደ ሜዳው ሄደ።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ወንድዬ ዘንድ ሄደ። ወንድዬ ብየዳ ቤት ያለው፣ የእድሩን የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ የያዘ ሰው ነው።

«ወንድዬ፣ ድንኳኑን ለነገ ፈልጌው ነበር» አለው።

ድንኳን ፈልጌ ነበር ያለን ሰው ለማን ብሎ መጠየቅ በእድር ወግ ነውር ነው። ይሰጡታል እንጂ አይመረምሩትም። ወንድዬ ብየዳውን አጥፍቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና የቀናውን ፊት አየ። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ፊት ነው።

«እግዜር ያጽናህ» አለው።

«አሜን» አለ ቀናው፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰምቶ ነው ብሎ። «በእውነት መጽናናት ያስፈልገኛል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ያበቃል።»

«አራት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ነው።»

«ሰው ያግዝህ?»

«ልጆቹ አሉልኝ» አለ ቀናው። ወንድዬ ፊቱን አዞረ። ልጆቹ የሚለው ቃል አሳዝኖት መሆን አለበት፤ ስድሳ ወንበርና ትልቁን ብረት ድስት ሳይጠየቅ ጨመረለት። ከዚያም ደንቡ እንደሚለው ሄዶ ለጡሩምባ ነፊው ነገረ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ተነፋ። ቀናው ሸሚዙን እየተኮሰ ሰማው። «ደግሞ ማን ሞቶ ይሆን? ነፍስ ይማር» አለና ኮሌታውን ገልብጦ ተኮሰ።

እንግዲህ እትዬ ጠጄ አንገቱን የያዙት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ሊመጡ አርባ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ልጆቹ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ተቀምጧል፤ ዮሚፍ ከአባቱ ሣጥን ያወጣውን ከረባት አስሮ የብረት ድስቱ ዘንድ ቆሟል።

እትዬ ጠጄ ቀናውን ገፋ አድርገው ወደ ድንኳኑ አመሩ፤ ሦስቱ ሴቶች ተከተሏቸው። በሩ ላይ ኢፍቱ ነበረች።

ኢፍቱ ከኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። በአራት ዓመት ውስጥ ቀናው በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶባት አያውቅም። ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ነው የምታነሣው። በር ላይ ያቆማትም የተቀባይ ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው፤ እሷንም መዳፏ ላይ በስክሪፕቶ ጽፋታለች። እትዬ ጠጄ እየተንሰቀሰቁ ሲደርሱ ልጅቷ መዳፏን አላየችም። ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችና፦

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ማዘር። ዱ ዩ ሃቭ ኤ ሪዘርቬሽን?» አለች።

ቦታ አስይዘዋል ወይ ማለቷ ነው።

እትዬ ጠጄ ልቅሷቸውን አቋርጠው አዩዋት። «ምን ትለኛለች ይቺ?»

«ማዘር፣ ዚስ ኢዝ ኤ ሆቴል» አለች ኢፍቱ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ አላቆመችም ግን። «ዩ ካን ኖት ክራይ ሂር። ኖባዲ ዳይድ።»

ማንም አልሞተም፣ እዚህ ማልቀስ አይቻልም ነው የምትለው፤ ማንም ሳይጽፍላት፣ ማንም ሳያስጠናት፣ ያለፈውን ጊዜ ግሥ በቦታው አስገብታ። ቀናው አሥር ደቂቃ ሙሉ በአማርኛ ያቃተውን እሷ በእንግሊዝኛ ተናገረችው።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ዮሚፍ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሎ ብቅ አለ። «ዌልካም፣ ማዘር። ዊ ሃቭ ሱፕ» አለ። ከጀርባው ሌላዋ «ዘ ሱፕ ኢዝ ኮልድ» ብላ ጮኸች። ሥራ አስኪያጁ «ሁ ሴድ ኮልድ?» አለ። አንዱ ሒሳብ ጠየቀ፣ አንዱ አልጋ ጠየቀ፣ አንዲቷ ሻወሩ ውኃ የለውም ብላ በእንግሊዝኛ ተቆጣች፤ ውኃ የለም የሚለውን እንኳ የኖረችበት ስለሆነ በደንብ ነው የተቆጣችው። ድንኳኑ እንደ ቀፎ ኅም አለ። ቀናው ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ሱፐርቫይዘሯ ዛሬ ቀድመው ቢመጡ ብሎ የማርያምን ስም ጠራ። የመንግሥት ሰው ቀድሞ ሲመጣ ግን ማን አይቶ ያውቃል።

እትዬ ጠጄ ኢፍቱን በክርናቸው አልፈው ገቡና የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ምግብ ዝርዝሩን አነሡ፣ አገላብጠው አዩት፣ አስቀመጡት። ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ።

«መምህር፣» አሉ፣ አሁን በሌላ ድምፅ፣ «ይኼ ምንድን ነው?»

ቀናው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ አስረዳ። ማንም እንዳልሞተ፣ ለልጆቹ ትምህርት እንደሆነ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው እንደሚመጣና ልጆቹ ካልተናገሩ ክፍሉን እንደሚነጠቅ፣ ወንድዬን ስለ ለቅሶ አንዲት ቃል እንዳላለው ነገራቸው። ተናግሮ ሲጨርስ እትዬ ጠጄ እጃቸውን ዘርግተው የድንኳኑን ሸራ ዳሰሱ።

«ይኼ ድንኳን ለጨዋታ ይተከላል ማለት ነው» አሉ።

«ለትምህርት ነው፣ እትዬ ጠጄ።»

«ለሮሪሳ ግን አልተተከለም።»

ሮሪሳ የእትዬ ጠጄ ታናሽ ወንድም ነው። አምና የጭነት መኪና እየነዳ ሞያሌ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ፤ እሳቸው የሰሙት በስምንተኛው ቀን ነው። እድሩ ሲጠየቅ መዝገቡ ተገለጠ፤ የሮሪሳ ስም መዝገቡ ላይ አልነበረም። ድንኳን አልወጣም። እትዬ ጠጄ ጓዳቸው ውስጥ አልቅሰው ወጡ፤ ሰፈሩም ወጣላቸው ብሎ ተወው።

መዝገቡን የገለጡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉዲሳ ናቸው። ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ደንብ ከአፋቸው የማይጠፋ ሽማግሌ። ያን ሰዓት ዱላቸውን ይዘው የገቡትም እሳቸው ናቸው፤ ያለ እኔ ፈቃድ ድንኳን ማን አወጣ ሊሉ ነው አመጣጣቸው። እትዬ ጠጄን ሲያዩ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

«ከመጣሁ አይቀር» አሉ እትዬ ጠጄ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ያ ኦቦሌሳ ኮ» ብለው ጀመሩ። ወንድሜን ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ጀምረው ወደ አማርኛ መጡ፣ ከአማርኛ ተመለሱ። መኪናውን አነሡ፣ መንገዱን አነሡ፣ ያላዩትን መቃብር አነሡ። ሦስቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ተቀበሏቸው።

ቀናው ተነሥቶ ጋሽ ጉዲሳን በክንዳቸው ያዘ። ከበሩ ወጣ አደረጋቸውና በሹክሹክታ፦

«ጋሽ ጉዲሳ፣ በእናትዎ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። አንድ ሰዓት ይታገሡኝ ይበሉልኝ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እስከ ፈለጉት ቀን ይቁምላቸው፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ። አራት ሰዓት ላይ ልጆቼን ነው የማጣው።»

ጋሽ ጉዲሳ መሬቱን በዱላቸው ጫረ ጫረ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ይቺን ሴትዮ አንድ ጊዜ ደንብ ነግሬያታለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልነግራትም። ተነሺ የሚላት አንጀት ያለው ሰው ካለ እሱ ይበላት።»

«እኔ እንዴት ብዬ እላቸዋለሁ?»

«እንግዲህ የሁለታችንም አንጀት አንድ ነው ማለት ነው» አሉና ገብተው ከእትዬ ጠጄ ጎን ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀናው ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገው ነገር የለም። ምን ያድርግ። ጡሩምባ የሰማው ሰው ሁለት ሦስት እየሆነ መምጣቱን ቀጠለ። ልጆቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ተነሡ። ዮሚፍ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ሦስት ልጆች የምግብ ዝርዝሩን ሰበሰቡ፤ ሌሎቹ ወንበሩን ወደ ዳር አሰለፉ፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ተቀብለው በሣህን ከፈሉ፤ ሁለት ወንዶች ውኃ ሊቀዱ ሮጡ። ሽማግሌ ሲመጣ ክንድ የሚይዝ አለ፤ ሴት ስትመጣ ቦታ የሚለቅ አለ። ጠያቂ የለ፣ ተጠያቂ የለ፣ ሥልሳ ልጅ እንደ አንድ ሰው ሠራ። ዓመቱን ሙሉ ኳስ እየወረወረ፣ እየዘፈነ፣ ወንበር እየደረደረ ሲፈልገው የነበረው ይኼን ነበር። አገኘው። እንግሊዝኛ ብቻ ነው የጎደለው።

ኢፍቱ በሩ ላይ የተሰቀለውን፣ አማርኛ ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ አውርዳ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ከወንበሮቹ ሥር ከተተችው። እትዬ ጠጄ ዘንድ ውኃ ይዛ ሄዳ ተንበረከከች። እትዬ ጠጄ ውኃውን ተቀብለው «ቅድም ምን ነበር የምትይኝ፣ ልጄ?» አሏት።

«ምንም አይደል፣ እማማ።»

«በለቅሶ ቤት ፈረንጅኛ አይባልም፣ እሺ? ሟች ይከፋዋል።»

«እሺ» አለች ኢፍቱ፤ አንገቷን ሰበረች።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቀናው ዮሚፍን ጠርቶ «ልጆቹን ሰብስብና በጀርባ በር ወደ ክፍል እንግባ፤ እዚያው ትናገራላችሁ» አለው።

ዮሚፍ እንደዚያ ቀን ቆፍጠን ብሎ አያውቅም። «ቲቸር፣ አሁን ተነሥተን ብንወጣ ምን ይሉናል? የእኔ አያትም መጥታለች እኮ። ያዩዋታል?» በአገጩ አሳየው።

«ተረዳኝ፣ ዮሚፍ። ለእኔ ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው።»

«እናውቃለን፣ ቲቸር።» ልጁ ጫማውን አየ። «ርእሰ መምህሩ ነግሮናል። ለዚያ ነበር እኮ ሁላችንም የመጣነው።»

ቀናው ይኼን አላወቀም ነበር። በዚያ መሃል አንድ የዘገየ ሰውዬ ወደ ዮሚፍ ጆሮ ጠጋ ብሎ ማን ነው የሞተው ሲለው ሰማ። ዮሚፍ ወደ መምህሩ አየና «እንግሊዝኛ» አለ። ሰውየው አንገቱን ነቅንቆ ነፍሱን ይማር አለና ቦታ ፈልጎ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም፣ ሱፐርቫይዘሯ፣ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ደረሱ። ከባጃጅ ወርደው ድንኳኑን ሲያዩ እርምጃቸው ቀዘቀዘ። ማኅደራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ አንገታቸው ላይ የነበረውን ሻርፕ ራሳቸው ላይ ጣሉ፣ ገብተው ለተቀመጠው ሁሉ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናችሁ» አሉና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ቀናው ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ጠጄ ልቅሷቸውን አነሡ፤ በልቅሶ መሃል ወሬ ማውራት ስለማይቻል ሁለቱንም ጊዜ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ሩብ ሰዓት ሄደ። ከክፍለ ጊዜው የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ጉዲሳ አዘኑለት። ወደ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ጎንበስ ብለው በአጭሩ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ሰሙ፣ ቀና ብለው ድንኳኑን አዩ፣ ዳር ዳሩን የቆሙትን ልጆች አዩ። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ሄደ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ያን ጊዜ ኢፍቱ የንፍሮ ሣህን በሁለት እጇ ይዛ ፊታቸው ደረሰች። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ሣህኑን ተቀበሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ እናት፣ በእንግሊዝኛ ጠየቋት፦

«ኋት ኢዝ ዩር ኔም?»

አንደኛ ክፍል የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ከንፈሯን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ላይ እንዳለ ቀናው ያያል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ከዚህ የከበደውን ስትል ሰምቷታል። ኢፍቱ ዞር ብላ እትዬ ጠጄን አየች። እትዬ ጠጄ ዓይናቸውን በነጠላ እየጠረጉ ነበር፤ ወደ እሷ እንኳ አላዩም። ልጅቷ ከንፈሯን ገጠመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋችና ወደ ኋላ ተመለሰች።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ንፍሮውን ቀምሰው ሣህኑን አስቀመጡ። ተነሥተው ለእትዬ ጠጄ እንደገና እጅ ነሥተው ወጡ። ቀናው ተከተላቸው። ከድንኳኑ ውጪ፣ ካስማው አጠገብ ቆመው ማኅደራቸውን ከፈቱና ከወረቀቱ ላይ አንድ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ። ቀናው በትከሻቸው በኩል አየው። የትኛው ሣጥን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም።

«ከመምጣትዎ በፊት ተናግረው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ሁሉም ትምህርት ቤት ልጆቹ የሚናገሩት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው።»

«እኔ ግን እውነቴን ነው። ያቺ ንፍሮ ያመጣችልዎት ልጅ፣ እሷ በር ላይ ቆማ…» አለና ቃል አጠረው። ማዘር፣ ሪዘርቬሽን አለዎት ወይ አለቻቸው ብሎ ቢናገር፣ እዚህ ልቅሶ በሚሰማበት ቦታ፣ ለራሱም የሚያሳፍር ቀልድ መሰለው። «ተናግራለች» ብሎ ጨረሰው።

«ልጆችህ ጨዋዎች ናቸው» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም። «እንደዚህ ያለ ክፍል አላየሁም። ለእሱ ግን ሣጥን የለኝም።» ወረቀቱን አገላብጠው አሳዩት፤ የምር አልነበራቸውም።

«ክፍሉን ይወስዱብኛል።»

«እኔ አልወስድም። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ የሚወስደው ያነበበው ነው።»

ከድንኳኑ ውስጥ የእትዬ ጠጄ ድምፅ ሮሪሳን እየጠራ ከፍ አለ። ሁለቱም እስኪረግብ ጠበቁ። ከትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜው ደወል ተሰማ፤ ከልጆቹ አንድም የተነሣ የለም። ቀናው በተኮሰው ሸሚዝ እጅጌ ግንባሩን ጠረገ።

«አንድ ጊዜ ይመለሱልኝ» አለ። «ለሌላ ሳምንት አይደለም፣ እስከ ሌላ ሳምንት አያቆዩኝም። ለዓርብ። ዓርብ ጠዋት፣ በዚሁ ሰዓት። ወረቀቱን እስከ ዓርብ አያስገቡብኝ። ልጆቹን እዚሁ አቀርብልዎታለሁ፤ ይናገራሉ፤ በእግዜር ስም እላለሁ ይናገራሉ።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ማኅደራቸውን ዘጉ። ድንኳኑን አዩ፣ በጣታቸው ቀኑን ቆጠሩ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።

«ለሰልስቱ ማለትህ ነው?» አሉት።